ጥር ላይ በካቶሊክ ልንጋባ ነው፤ ወረቀቱም እናቱም አስጨንቀውኛል (ጎንደር)

የሶዶዋ፦
ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። አዳር ላይ ነኝ፣ ዋርዱ ጸጥ ሲልልኝ ነው የምጽፈው፣ ቢዘበራረቅ ይቅርታ። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ ያደግኩ ካቶሊክ ነኝ። ጎንደር ለትምህርት መጣሁ፣ ስራም እዚሁ አገኘሁ፣ ሰውም እዚሁ አገኘሁ። እጮኛዬ የማራኪ ልጅ ነው፣ ኦርቶዶክስ። ሽማግሌ ሶዶ ድረስ ልኮ ቤተሰቤ እሺ ብለዋል። ጥር ላይ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ልንጋባ ተስማምተናል። እሱ ሃይማኖቱን አይቀይርም፣ እኔም አልቀይርም፣ ይሄ በእኛ መሀል ያለቀ ነው።

አሁን ችግሩ። አንደኛ ወረቀቱ። ሶዶ ያሉት ጓደኞቼ አንድ ይሉኛል፣ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ሌላ ትለኛለች። ሁለተኛ እናቱ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ እንዲያውም ይወዱኛል፣ ግን ባለፈው እሁድ ቡና ላይ «ልጄ ያለ ተክሊል ሊያገባ ነው?» ብለው አለቀሱ። እኔ እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ። የያዝኩትን ስኒ ማስቀመጫ አጣሁ። ሦስተኛ ቀኑ። እኔ ጥር 12ን አስቤያለሁ፣ ቃና ዘገሊላ ነው፣ ጌታ ሰርግ ቤት የተገኘበት ቀን ብዬ። ምን ትላላችሁ?

ሚዜ ቁጥር 8፦
እንኳን ደስ አለሽ! ግን ጥር 12?? ጎንደር ላይ?? እህቴ ከተማችንን በጥምቀት አላየሽም እንዴ። ጥር 11 ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ይመለሳሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ሚካኤል ይገባል፣ መኪና አይደለም ሰው ራሱ መተላለፊያ የለውም። የሶዶ ዘመድሽን ምን ላይ ልታስተኚው ነው? ሆቴሉ ከወራት በፊት ያልቃል። ሊሞዚንሽ ፒያሳ ላይ ቆሞ ሰርጉ ሲያልቅ ይደርሳል።

የሶዶዋ፦
በጥምቀት ሁልጊዜ ተረኛ ስለምሆን ከሆስፒታል ወጥቼ አላውቅም 😅 እሺ ይቅር።

ጣና ዳር፦
እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት፣ የዛሬ 4 ዓመት ተጋባን። ቀን ስትመርጡ ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛ ጾም። እኛ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊኮች፣ ቅዳሴያችን በግዕዝ የሆነው፣ ፋሲካን የምናከብረው ከኦርቶዶክሱ ጋር በአንድ ቀን ነው፣ ዐቢይ ጾምም አብሮ ይገባል፣ ስለዚህ በዚህ በኩል ከአማቶችሽ ጋር የሚያጣላሽ ነገር የለም። ጾመ ነነዌ ግን ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ አንዳንዴ ጥር ውስጥ ይገባል። ሦስት ቀን ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ቅልቅሉ ወይ መልሱ እዚያ ላይ ከወደቀ ዶሮው በምስር ይተካል። ሁለተኛ አባ ራሳቸው። የቁምስናው (የአጥቢያው) ቆሞስ በጥምቀት ሰሞን ሥራ ይበዛባቸዋል። እኛ ከጥምቀት ሁለት ሳምንት አሳልፈን ቅዳሜ አደረግነው፣ አልቆጨንም።

ወረቀቱን ካቴኪስቱ፣ ሃይማኖት አስተማሪው፣ ቢመልስልሽ ይሻላል፣ እኔ ያለቀስኩበትን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ካቴኪስቱ፦
ተጠራሁ መሰለኝ። በአጭሩ ልንገርሽ፣ ቀሪውን አባ ፊት ተቀምጣችሁ ትጨርሳላችሁ።

ያንቺ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ከሶዶ መምጣት አለበት። ድሮ የተሰጠሽ፣ እናትሽ ሣጥን ውስጥ ያለው አይደለም። አዲስ የተጻፈ። ምክንያቱም ካቶሊክ ሲያገባ የተጠመቀበት ቁምስና መዝገብ ላይ ስሙ አጠገብ ይጻፋል። አዲስ ወረቀት ሲጠየቅ መዝገቡ ይገለጣል፣ አግብተሽ ከነበረ እዚያው ይታያል። ሜሮን መቀበልሽም እዚያው ላይ ይገኛል።

እሱ መጠመቁ መረጋገጥ አለበት። ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ፣ የተጠመቀና ያልተጠመቀ ሰው የሚያገባበት ፈቃድ አንድ አይደለም። ከተጠመቀበት ቤተ ክርስቲያን ወረቀት ካገኘ ጥሩ። ካጣ ምስክር ይበቃል፣ የክርስትና አባቱ ቢመጡ ሌላ አያስፈልግም።

ከዚያ ከቀበሌ ያላገባ ወረቀት፣ ለሁለታችሁም። መታወቂያ፣ ፎቶ። ከዚያ የጋብቻ ትምህርት፣ ይሄ የሳምንታት ጉዳይ ነው፣ አዳርሽን ከወዲሁ አስተካክዪ።

ዋናው ግን ፈቃዱ ነው። ካቶሊክ ኦርቶዶክስ ሲያገባ የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጎንደር ያለችው ቁምስና በባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ናት። ሀገረ ስብከቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፣ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ነበር የሚሄደው። አሁን ባሕር ዳር ነው፣ ቀረበልሽ። ቢሆንም አዳራሽ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ደብዳቤው ይላክ። አዳራሽ ተይዞ፣ ካርድ ታትሞ፣ ደብዳቤ ያልመጣላቸው ሰዎች አይቻለሁ።

ፋሲል በር፦
ካቶሊክ ጎንደር ላይ ሰርግ ሊደግስ 😂 ሱስንዮስን ረሳችሁት እንዴ? ይቺ ከተማ እኮ እነሱን አባርራ ነው የተቆረቆረችው።

አዘዞ ላይ፦
@ፋሲል በር ከቀለድክ አይቀር በትክክል ቀልድ። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው እ.ኤ.አ. በ1622 ነው። አገር በደም ከታጠበ በኋላ በ1632 «በአባቶቻችሁ ሃይማኖት ኑሩ» ብሎ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ለቀቀ። ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን፣ ያስወጣቸው ፋሲለደስ ነው፣ ጎንደርም በእሱ ጊዜ፣ በ1636 አካባቢ ተቆረቆረች። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ ምክንያቱም ሱስንዮስ የተቀበረው እኛው ሰፈር ገነተ ኢየሱስ ነው፣ ልጅ ሆነን እዚያ ፍርስራሽ ላይ ነበር ኳስ የምንጫወተው። ይኸው 400 ዓመት ሊሞላው ነው። ልጅቷ የጠየቀችው ስለ ጥምቀት ወረቀት ነው።

ጣና ዳር፦
@ፋሲል በር አንድ ልጨምርልህ። የዛሬው የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ የመጣው በሱስንዮስ ጊዜ ከነበሩት ከኢየሱሳዊው ፓትርያርክ ከሜንዴዝ አይደለም፣ እሳቸው ሥርዓቱን ወደ ላቲን ለመቀየር ሲሞክሩ ነው ነገሩ የፈነዳው። የእኛ ታሪክ ከአቡነ ያዕቆብ (ከሚሲዮናዊው ደ ያቆቢስ) ነው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። እሳቸው በግዕዙ ሥርዓት ነው የሠሩት። አብሯቸው የነበሩት አባ ገብረ ሚካኤል ደግሞ የጎጃም ሰው ናቸው፣ ኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበሩ፣ ጎንደር ተምረዋል፣ ኋላ ጎንደር ታስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1855 በእስር አረፉ፣ በ1926 ብፁዕ ተባሉ። ከተማዋ ታውቀናለች ለማለት ነው።

ፋሲል በር፦
እሺ እሺ ቀልዴን ነው። እንኳን ደስ አላት። ድግሱ ላይ ጥሩኝ።

እማማ ቡና፦
ልጄ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ይሄን የልጅ ልጄ ስልክ ላይ ነው የምጽፍ። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ወንድሜ ካቶሊክ አግብቶ ስላየሁ ነው። እናትዬዋ ያለቀሱት አንቺን ጠልተው አይደለም። ለኛ ልጅ በተክሊል ማግባት ማለት ድንግልናውን ጠብቆ፣ በቅዳሴ፣ ቆርቦ ማግባት ነው። ያ ለእናት ትልቅ ማዕረግ ነው። ሰፈር ውስጥ «ልጇ በተክሊል አገባ» ሲባል ነጠላዋን አስተካክላ ነው የምትሄድ። ይሄ የቀረባት መስሏት ነው። ካቶሊኮቹም ጋ ተክሊል እንዳለ ማን ነገራቸው? ማንም። አንቺ ንገሪያቸው። ከቻልሽ አሳዪያቸው።

የሶዶዋ፦
እማማ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም በደንብ አላውቀውም። ሶዶ የኛ ላቲን ሥርዓት ነው። እኔ ያየሁት ሰርግ ቃል ኪዳን፣ ቀለበት፣ ፊርማ ነው። አክሊል ሲደፋ አይቼ አላውቅም። ጎንደር ያለው ሥርዓት እንዴት ነው?

ካቴኪስቱ፦
በግዕዝ ሥርዓት ስሙ ራሱ ምሥጢረ ተክሊል ነው። ሁለታችሁም ፈቃዳችሁን በአንደበታችሁ ትናገራላችሁ፣ ይሄ ከሌለ ጋብቻ የለም። ቀለበቱ ይባረካል። ካባ ይደረብላችኋል። በቅዱስ ዘይት ትቀባላችሁ፣ አክሊሉ ይደፋላችኋል፣ ካህኑ ይባርኳችኋል። ጸሎቱ በግዕዝና በአማርኛ ነው፣ ከበሮና ጸናጽል አለ። አማትሽ ቢመጡ እንግድነት የሚሰማቸው አንዳንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

አንድ ልዩነት ልብ በይ። በላቲን ዲያቆንም ሊያጋባ ይችላል። በምሥራቁ ሥርዓት ግን፣ ግዕዙም ከዚያ ነው፣ የካህን ቡራኬ የግድ ነው፣ ካህን ካልባረከ ጋብቻው ራሱ አልጸናም። አንቺ ላቲን ብትሆኚም እሱ የምሥራቅ ክርስቲያን ስለሆነ ካህን ነው የሚያጋባችሁ። ዲያቆን የሆነው የአጎትሽ ልጅ ከሶዶ መጥቶ ያጋባን ብለሽ እንዳታስቢ፣ ወንጌል ያንብብላችሁ።

የሶዶዋ፦
እንዴት አወቅክ የአጎቴ ልጅ ዲያቆን እንደሆነ? 😳

ካቴኪስቱ፦
ሁሉም ሰው ዲያቆን የሆነ የአጎት ልጅ አለው።

ሚዜ ቁጥር 8፦
ስለ ፊርማ ከተነሳ። ስሜን ያገኘሁት ከጓደኛዬ ሰርግ ነው። 8 ሚዜ ነበርን፣ ሁላችንም በአንድ ጨርቅ የተሰፋ ሱፍ ለብሰን ጠረጴዛው ጋ ለፊርማ ተሰለፍን። አባ ቀና ብለው አይተውን «ሁለት ይበቃል» አሉ። ስድስታችን እየተገፋፋን ተመለስን፣ ካሜራማኑ ሁሉንም ቀርጾታል፣ እስካሁን ቪዲዮው ሲታይ እዚያ ጋ ቤቱ ሙሉ ይስቃል። ምስክር ሁለት ሰው ነው። ካቶሊክ መሆን የለበትም ብለውናል፣ ያየውን መመስከር የሚችል ይሁን እንጂ። ማን እንደሚፈርም በፊት ወስኑ፣ አለበለዚያ የሚያኮርፍ ሚዜ አይጠፋም።

ካሜራማኑ፦
ከሙያዬ ልናገር። ቀራጩን ከሰርጉ በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አስገብታችሁ የት እንደሚቆም ከአባ ጠይቁት። መቅደስ ውስጥ አይገባም። እኔ አንድ ጊዜ አክሊሉን ከፊት ለመያዝ ብዬ መጋረጃው ጋ ተጠጋሁ፣ አንድ ሽማግሌ ክንዴን ይዘው እንደ ሕፃን መልሰው አስቀመጡኝ። ደግሞ ቬሎሽ ትከሻው ክፍት ከሆነ ነጠላ ይዘሽ ግቢ። ካባው ሲደረብ ይሸፈናል ትያለሽ፣ ካባው የሚመጣው ግን ቆይቶ ነው። ፎቶ ፋሲል ግንብ ካሰባችሁ ፈቃድና ክፍያ አለው፣ ጠዋት ሄደሽ ጨርሺ። ጎሃ ሆቴል ላይ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ፣ ከተማው በሙሉ ከታች ይታያል።

ጣና ዳር፦
ስለ ወረቀትና ካሜራ ይሄን ያህል ካወራን፣ ማንም ያልነካውን ልንካ። ልጆቹ።

ፈቃዱ ሲጠየቅ ካቶሊኩ ወገን ቃል ይገባል። ከእምነቴ አልወጣም፣ ልጆቼ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እንዲጠመቁና እንዲያድጉ የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ ብለሽ። ቃሉን የምትገቢው አንቺ ነሽ። እሱ አይፈርምም፣ ግን አንቺ ምን ቃል እንደገባሽ በግልጽ ይነገረዋል። ድሮ ሌላውም ወገን ይፈርም ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛ ያንን አስቀሩት። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ነው። ኑሮው ላይ ሦስት መስመር አይደለም።

የእኛ የመጀመሪያ ልጅ ወንድ ነው። በተወለደ በሠላሳ ምናምን ቀኑ አማቴ አርባው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ድግስ፣ የክርስትና አባት፣ ሁሉም ተዘጋጅቷል። እኔ የፈረምኩት ወረቀት ደግሞ መሳቢያ ውስጥ አለ። ከባለቤቴ ጋር ከሰርጉ በፊት ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ አላወራንም ነበር፣ ፍቅር ላይ ነበርንና። የዚያን ሳምንት ያወራነው ሲታወሰኝ አሁንም ሆዴ ይጨነቃል። እንዴት እንዳለቀ እዚህ አልጽፍም፣ የቤታችን ነገር ነው። ግን እኔ አንቺን ብሆን አዳራሹን ትቼ ዛሬውኑ ቁጭ ብዬ ይሄን ነበር የማወራው። ከእሱ ጋር። ከዚያ እሱ ከእናቱ ጋር።

የሶዶዋ፦
ይሄን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አውርተን እናውቃለን ግን «ያን ጊዜ እግዜር ያውቃል» እያልን ነው ያለፍነው።

አዘዞ ላይ፦
እንዲያው ይሄ ሁሉ ከሚሆን ሁለት ቦታ ቢፈጸምስ? ጠዋት እነሱ ጋ፣ ከሰዓት እኛ ጋ። ሁለቱም እናት ደስ ይላቸዋል።

ካቴኪስቱ፦
አይሆንም። የካቶሊክ ሕግ ከቀኖናዊው ሥርዓት በፊትም በኋላም ያንኑ ጋብቻ ደግሞ በሌላ ሃይማኖታዊ ሥርዓት መፈጸም ይከለክላል። በኦርቶዶክሱም በኩል ቢሆን እሷ ካልገባች ተክሊሉን የሚፈጽምላቸው የለም። ጋብቻ አንድ ጊዜ ነው። ድግሱን ግን ሁለት ቦታ ብታደርጉት ማንም አይከለክላችሁም፣ እኔም እበላለሁ።

እማማ ቡና፦
ልጁም የንስሐ አባቱን ቀድሞ ያናግር። ሰው ነግሯቸው እንዳይሰሙ። ሊቆጡ ይችላሉ፣ ቁርባኑም ላይ ነገር ሊመጣ ይችላል። ወንድሜ ተደብቆ አግብቶ ነው የንስሐ አባታችን ቤታችንን ለሁለት ዓመት ያልረገጡት። ከማግባቱ ይልቅ የከፋቸው መደበቁ ነበር።

ቀበሌ 18፦
ክሩን ልጥለፍና አንድ ጥያቄ። እኔ ከ6 ዓመት በፊት ማዘጋጃ ፈርሜ አግብቼ ተፋትቻለሁ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ አለኝ። አሁን ካቶሊክ ላገባ ነው። ያ ወረቀት ይበቃል?

ካቴኪስቱ፦
አይበቃም። የመንግሥት ፍቺ ለቤተ ክርስቲያን ብቻውን ነፃ ሰው አያደርግህም። የፊተኛው ጋብቻ እንዴት እንደነበር ይጠናል፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል፣ ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ ሂደህ ለአባ ሁሉንም ንገራቸው። ቀን እንዳትቆርጥ።

ሰባት ቤት፦
ዝምድና ቆጥራችኋል? ሰባት ቤት! 😂

የሶዶዋ፦
ሶዶና ጎንደር ከተዛመድን ሳይንቲስት ይጠራ። የእሱ አጎት ግን በሽምግልናው ጊዜ በእውነት ጠይቀዋል። አባቴ ስድስት ትውልድ ቆጠሩላቸው፣ አጎት አንዱንም ስም መድገም አቅቷቸው «በቃ ነፃ ናችሁ» አሉ።

ካቴኪስቱ፦
ለዕውቀት ያህል፣ የካቶሊክ ሕግ ሰባት ቤት አይልም። በጎን በኩል እስከ አራተኛ ደረጃ ነው፣ ማለት የአጎትና የአክስት ልጅ ድረስ። የአገሩ ደንብ ከዚያ ይሰፋል፣ እሱን ማክበር አይጎዳም። የሚገርማችሁ ግን አበልጅነት ነው፤ በምሥራቅ ካቶሊክ ሕግ የክርስትና አባት ክርስትና ያነሳትን ልጅ ማግባት አይችልም፣ የልጅቷንም እናት አይችልም። በላቲን ይሄ ቀርቷል።

(ከ3 ሳምንት በኋላ)

የሶዶዋ፦
ተመለስኩ። ብዙ ነገር ሆነ።

የኔ የጥምቀት ወረቀት ከሶዶ መጣ፣ ግን ስሜ መታወቂያዬ ላይ ካለው ጋር አልገጠመም። መዝገቡ ላይ ያለው የክርስትና ስሜ ብቻ ነው። አባ ስቀው «ይሄ የሁሉም ሰው በሽታ ነው» አሉና የአባቴንና የእናቴን ስም አስተያይተው አለፉት። የሱ ነው ጉድ ያፈላው። የተጠመቀው ቆላ ድባ አካባቢ ገጠር ነው፣ ወረቀት የሚባል የለም። ስለዚህ የክርስትና አባቱን ይዞ መጣ። አያ እንላቸዋለን። ዱላቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው አባ ቢሮ ገቡ። አባ «ይሄን ልጅ ክርስትና አንስተዋል?» ሲሏቸው አያ ትንሽ ዝም አሉና «አርባው የዋለው የማርያም ለት ነው፣ ዝናብ ነበር፣ ውሃው ሲነካው ጮኸ፣ አሁንም ጩኸታም ነው» አሉ። አባ እየሳቁ ጻፉት። ፊርማቸው አውራ ጣት ነው። ደብዳቤው ወደ ባሕር ዳር ሄዷል።

ስለ ልጆቹ አወራን። ሁለት ምሽት ፈጀ፣ በመጀመሪያው ተጣላን። ዝርዝሩን እንደ ጣና ዳር የቤታችን አደርገዋለሁ። ግን አባ ፊት ስቀመጥ ምን ቃል እንደምገባ እሱ አስቀድሞ ያውቅ ነበር፣ አባም ሲነግሩት አልደነገጠም። ለእናቱም ራሱ ነገራቸው።

ማራኪ ልጅ፦
እጮኛዋ ነኝ 😀 አካውንት የከፈትኩት ለዚሁ ነው። «ጩኸታም» የሚለው ውሸት ነው። ለምክራችሁ ግን እግዜር ይስጥልን። የንስሐ አባቴ ጋ ሄጄ ነበር። አላጨበጨቡልኝም፣ ግን ቀድሜ መምጣቴን አልጠሉትም። ቁርባን ላይ ምን እንደሚሆን ገና አልነገሩኝም። የሆነው ይሁን፣ ሰውን ደብቄ አላገባም።

ካቴኪስቱ፦
ጥሩ አድርገሃል። አባም በበኩላቸው ሥርዓቱን ከቅዳሴው ለይተው እናድርገው ሊሏችሁ ይችላሉ፣ በዕለቱ አንዱ ቆርቦ አንዱ ተቀምጦ እንዳይታይ። ቅር አይበላችሁ፣ የተክሊሉ ጸሎት አይጎድልም። እንዳልረሳው ደግሞ፣ ከሰርጉ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን የጋብቻ ወረቀት ይዛችሁ በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ተመዝገቡ። መንግሥት የሃይማኖት ጋብቻን ያውቃል፣ ግን መመዝገብ አለበት። ጫጉላ ላይ ሆነን ረሳነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ትዝ የሚላቸው ፓስፖርት ሲያወጡ ነው።

ሚዜ ቁጥር 8፦
ድግሱስ? የሶዶ ሰው ዳጣ ሳይዝ አይመጣም መቼም።

የሶዶዋ፦
እናቴ ዳጣውን በጀሪካን ልታመጣ ነው፣ አውሮፕላን ላይ እንዳይፈስ ስንት ላስቲክ እንደጠቀለለችው ብታዩ። ጠላውና ድፎው በእነሱ በኩል ነው። አዝማሪም ይዘዋል። አባቴ ወላይትኛ ካልተዘፈነ አልጨፍርም ብለዋል፣ ስለዚህ ዲጄም አለ።

(ከ5 ሳምንት በኋላ)

የሶዶዋ፦
ፈቃዱ መጣ!!! ቀኑም ተቆረጠ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ነነዌ ሳይገባ፣ ቅዳሜ። አዳራሹን ያኔ ነው የከፈልነው፣ ካቴኪስቱ ይመስገን።

ደግሞ እማማ ቡና ያሉትን አደረግሁ። ባለፈው እሁድ የእሱን እናት ቅዳሴ ይዣቸው ሄድኩ። መጀመሪያ «ውጭ ሆኜ እጠብቅሻለሁ» አሉ። ደጀ ሰላሙ ጋ ቆሙ። ግዕዙ ሲሰማቸው አንድ እርምጃ ገቡ፣ ከዚያ ሌላ አንድ፣ ኪዳኑ ጋ ሲደርስ ከሴቶቹ በኩል ቆመው ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። ሲያልቅ አባ እቃ ቤቱን ከፍተው አክሊሎቹንና ካባውን አሳዩአቸው። እናቱ ካባውን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ጥልፉን አገላብጠው አዩት። ምንም አላሉም። እኔ ልቤ ሊወጣ ነው።

ቤት እስክንደርስ ዝም። ታክሲ ላይ ዝም። ቡናው ሲቀርብ ልጃቸው «እህስ እማ፣ እንዴት ነበር?» አላቸው።

«ካባው ጥሩ ነው» አሉ። «ከበሮ መቺው ግን አልተስማማኝም፣ ይፈጥናል። ለሰርጉ ቀን የኛን ሰፈር ልጅ አመጣለሁ።»

ካቴኪስቱ፣ ከበሮ መቺ ከውጭ ማምጣት ይቻላል እንዴ?

ካቴኪስቱ፦
አባን ጠይቄ እመለሳለሁ። ከበሮ መቺው ግን እኔ ነኝ።